የምርምር ዘርፍን አቅጣጫ በኅትመት መረጃ መለየት፦ የጤፍ ምርምር እንደ ማሳያ

አንድ የምርምር ዘርፍ ወዴት እያመራ እንደሆነ ለማወቅ በዘርፉ የወጡ ጽሑፎችን አንድ በአንድ ማንበብ ከጥቂት ባለሙያዎች አቅም በላይ ከሆነ ቆይቷል። በመሆኑም ዩኒቨርሲቲዎች፣ የምርምር ተቋማትና በጀት መዳቢ አካላት ስለ ጽሑፎቹ የተመዘገበውን መረጃ፣ ማለትም የደራሲውን ስምና ተቋም፣ የኅትመቱን ዓመት፣ ጆርናሉን፣ ቁልፍ ቃላቱንና የዋቢ ጽሑፎቹን ዝርዝር ሰብስበው በመቁጠርና እርስ በርስ በማያያዝ የዘርፉን ካርታ ያዘጋጃሉ። ዘዴው ቢብሊዮሜትሪክ ትንተና በመባል ይታወቃል። ካርታው የሚያሳየው በመረጃ ቋቱ ውስጥ የተመዘገበውንና በፍለጋው የተገኘውን ብቻ በመሆኑ፣ አገሪቱ በዘርፉ ያላትን ዕውቀት ሁሉ እንደሚያሳይ ተደርጎ ከተወሰደ ለተሳሳተ ውሳኔ ይዳርጋል። ይህ ጽሑፍ የዘዴውን አሠራርና የሚያስፈልገውን ጥንቃቄ ከጤፍ ምርምር ጋር በማያያዝ ያብራራል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዘዴው አመጣጥ

ቢብሊዮሜትሪክስ የሚለውን የእንግሊዝኛ ስያሜ በ1969 ያስተዋወቁት አላን ፕሪቻርድ ቢሆኑም ሥራው ከስያሜው ይቀድማል። አልፍሬድ ሎትካ በ1926 ባቀረቡት ጥናት ጥቂት ደራሲያን ብዙ ጽሑፍ፣ አብዛኞቹ ግን አንድ ብቻ እንደሚያሳትሙ በቁጥር አሳይተዋል። አሠራሩን ከመሠረቱ የለወጠው ዩጂን ጋርፊልድ በ1955 ያቀረቡት ሐሳብ ነው፤ ይኸውም ጽሑፎችን በርእስ ከመመደብ ባሻገር ማን ማንን በዋቢነት እንደጠቀሰ መመዝገብ። በዚሁ ሐሳብ መነሻነት የተዘጋጀው የሳይንስ የዋቢ ማውጫ በ1964 ለአገልግሎት በቃ፤ የዛሬው ዌብ ኦፍ ሳይንስም የእርሱ ተከታይ ነው። ስኮፐስ በ2004፣ ያለ ክፍያ ለሁሉም ክፍት የሆነው ኦፕንአሌክስ ደግሞ በ2022 ሥራ ጀምረዋል። ካርታውን ለመሥራት የሚያገለግሉ ሶፍትዌሮችም፣ ለምሳሌ በኔዘርላንድስ የሌይደን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያዘጋጁት ቪኦኤስቪወር፣ በነጻ ይገኛሉ።

ጽሑፎች የሚያያዙባቸው መንገዶች

ካርታ የሚሠራው በሁለት ነገሮች መካከል ያለው ዝምድና በቁጥር ሲገለጽ ነው። በስፋት የሚሠራባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ሁለት ጽሑፎች በዋቢ ዝርዝራቸው ስንት የጋራ ምንጭ እንዳላቸው መቁጠር ነው። ይህ መንገድ አዲስ የታተሙ ጽሑፎችን ማንም ገና ሳይጠቅሳቸው ማያያዝ ስለሚችል የዘርፉን የወቅቱን ግንባር ለማየት ይመረጣል። ሁለተኛው በተቃራኒው ሁለት ቀደምት ሥራዎች በኋለኞቹ ጽሑፎች ስንት ጊዜ አብረው እንደተጠቀሱ ይቆጥራል፤ የዘርፉን የዕውቀት መሠረት የሚያወጣውም ይኸው ነው። ሦስተኛው በርእስ፣ በአኅጽሮተ ጥናትና በቁልፍ ቃላት ውስጥ አብረው የሚመጡ ቃላትን በመቁጠር የርእሰ ጉዳዮችን ስብስብ ይለያል።

ተማሪዎች በአብዛኛው ሦስተኛውን የሚመርጡት ውጤቱ ለዓይን ስለሚማርክና ቃላቱ ወዲያው ስለሚነበቡ ይመስላል። የትኛው መንገድ እንደሚመረጥ ግን መወሰን ያለበት በጥያቄው ነው። ይህ ለምን እንደሆነ በጤፍ ምርምር ላይ ጎልቶ ይታያል።

ጤፍን መፈለግ

ሥራው የሚጀምረው ከፍለጋ ቃል ነው። ጤፍ በላቲን ፊደል ሲጻፍ መጨረሻው ላይ አንዳንዱ ደራሲ አንድ፣ ሌላው ሁለት "ኤፍ" ያደርጋል፤ በአንደኛው ብቻ የፈለገ ሰው በሌላኛው የተጻፈውን ሁሉ ያጣል። በአንድ "ኤፍ" የተጻፈው ባለ ሦስት ፊደል ቃል ደግሞ በሕክምና የመተንፈሻና የምግብ ቧንቧ ያለ አግባብ መገናኘትን፣ በሥነ ምግብ ጥናት ደግሞ ሰውነት ምግብን ለመፍጨት የሚያወጣውን ሙቀት የሚያመለክት አኅጽሮት ነው። ፍለጋው ካልተጣራ የጤፍ ካርታ ላይ የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ብቅ ሊል ይችላል። ኢራግሮስቲስ የሚለውን ሳይንሳዊ የወገን ስም ብቻ መጠቀምም አያዋጣም፤ በዚህ ስም የሚጠሩ የሣር ዝርያዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸውና። የተሻለው መንገድ ሙሉውን ሳይንሳዊ ስም ከሁለቱም አጻጻፎች ጋር አጣምሮ መፈለግ፣ ከዚያም ከዘርፉ ውጭ የሆኑትን በእጅ ማስወገድ ነው።

ቀጣዩ ጥያቄ በቋቱ ውስጥ ምን አለ የሚለው ነው። በጤፍ ምርምር ታሪክ ትልቁ እርምጃ የተወሰደው በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ ዶ/ር ታረቀ በርሄ ደቃቃው የጤፍ አበባ ማለዳ ለአጭር ጊዜ እንደሚከፈት በማረጋገጣቸው ዝርያዎችን በእጅ ማዳቀል ተችሏል። በ2006 የተለቀቀውና በአርሶ አደሩ ዘንድ በስፋት የታወቀው ቁንጮ የተባለው ዝርያ በማዳቀል የተገኘ ነው። ይሁን እንጂ የማዳቀያ ዘዴው ይፋ የሆነው በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ቡሌቲን ላይ ነው። ስለ ሰብሉ በ1997 በመጽሐፍ መልክ የወጣው የዶ/ር ሰይፉ ከተማ ሥራም ሆነ በ2000 በደብረ ዘይት የተካሄደው ዓለም አቀፍ የጤፍ ዐውደ ጥናት ጥራዝ የጆርናል ጽሑፎች አይደሉም። ዋና ዋናዎቹ የመረጃ ቋቶች የተመሠረቱት በጆርናሎች ላይ በመሆኑ እንዲህ ያሉ ኅትመቶች በአብዛኛው ከቁጥሩ ውጭ ይሆናሉ። በአማርኛ የተዘጋጁ የኤክስቴንሽን መመሪያዎችማ ጭራሹኑ አይታሰቡም።

በአንጻሩ በ2005 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ጤፍን ከግሉተን ጋር ከተያያዘው የሴሊያክ ሕመም አኳያ የመረመረች አጭር ጽሑፍ፣ እንዲሁም በ2014 የታተመው የጤፍ ጂኖም ጥናት ሙሉ በሙሉ ተመዝግበው ይገኛሉ። ስለዚህ በቃላት ብቻ የተሠራ ካርታን ያየ የበጀት ኮሚቴ የጤፍ ምርምር በቅርብ ጊዜ የተጀመረና በዋናነት የምግብ ሳይንስና የሞለኪውል ጥናት ጉዳይ ነው ብሎ ሊደመድም፣ የማዳቀልና የማሳ ሥራውንም የተዘጋ ምዕራፍ አድርጎ ሊያይ ይችላል።

ከላይ በሁለተኛነት የተጠቀሰው መንገድ ለዚህ ከፊል መፍትሔ ይሰጣል። አንድ ቡሌቲን ወይም መጽሐፍ ራሱ በቋቱ ባይኖርም፣ በቋቱ ያሉ ጽሑፎች ከጠቀሱት ስሙ በዋቢ ዝርዝራቸው ውስጥ ስለሚገኝ በካርታው ላይ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። የአገራችን ቀደምት ሥራዎች በዓለም አቀፍ ዘርፍ ውስጥ ያላቸውን ቦታ ለማሳየት የተሻለ አማራጭ ነው ብለን እናምናለን።

የስም ጉዳይ

ይህም ቢሆን እንቅፋት አለው። የኢትዮጵያውያን ሁለተኛ ስም የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም፤ የጆርናሎች ሥርዓት ግን የመጨረሻውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዳል። በዚህም የተነሳ አንድ መጽሐፍ በአንዱ ጽሑፍ "ሰይፉ ከ."፣ በሌላው "ከተማ ሰ." ተብሎ ይመዘገባል። ሶፍትዌሩ እነዚህን እንደ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ስለሚቆጥር የአንዱ ድርሻ ለሁለት ይከፈላል። እንደ ገብረሚካኤል ያሉ ጥምር ስሞች ተያይዘው፣ ተነጣጥለው ወይም በሰረዝ ሲጻፉ ችግሩ ይበዛል።

ተቋማትና ከተሞችም ስም ቀይረዋል፤ ዓለማያ ሐረማያ፣ ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ ተብለዋል። በመሆኑም ማንኛውም ትንተና ከመጀመሩ በፊት አንድ የሆኑትን ስሞች የሚያዋሕድ ሰንጠረዥ ማዘጋጀት የግድ ነው። አሰልቺ ቢሆንም የሥራው ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። ተመራማሪዎች በ2012 ሥራ የጀመረውን ኦርኪድ የተባለ ቋሚ የግል መለያ ቁጥር ቢይዙና ስማቸውን በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ቢጠቀሙ ለወደፊቱ ችግሩ ይቀንሳል።

ካርታውን ሲያነቡ

በካርታው ላይ ትርጉም ያለው በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት ነው፤ ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ ምንም አያመለክቱም። የነጥቡ መጠን ድግግሞሽን እንጂ ጥራትን አይገልጽም። ቀለሞቹ ሶፍትዌሩ የለያቸው ስብስቦች ሲሆኑ፣ አንድ ቃል በካርታው ለመግባት ቢያንስ ስንት ጊዜ መደጋገም እንዳለበት የተቀመጠው ቁጥር ሲለወጥ ስብስቦቹም ይለወጣሉ። ለስብስቦቹ ስም መስጠት ያለበት ዘርፉን የሚያውቅ ባለሙያ ነው።

በዓመት የኅትመት ግራፍ ላይ የመጨረሻው ዓመት ዝቅ ብሎ ቢታይ ዘርፉ ተዳክሟል ማለት ላይሆን ይችላል፤ የቅርቡ ኅትመት ገና ተመዝግቦ ስላላለቀ ነው። ወደ ላይ የሚወጣ መስመርም በራሱ ማስረጃ አይሆንም። የዓለም አጠቃላይ ኅትመት በየዓመቱ ስለሚያድግ የአንድ ዘርፍ ዕድገት መለካት ያለበት ከጠቅላላው ባለው ድርሻ ነው።

ይህ መሣሪያ የተመራማሪን ግለሰባዊ ብቃት ለመመዘን ብቻውን ማገልገል እንደሌለበት በ2015 የወጣው የሌይደን ማኒፌስቶ አሥር መርሆዎችን አስቀምጧል፤ በአካባቢ ቋንቋና ለአካባቢ ችግር የሚሠራ ምርምር እንዲጠበቅም ያሳስባል።

በቢብሊዮሜትሪክ ትንተና ላይ የተመሠረተ ሪፖርት የሚያቀርብ ተቋም የተጠቀመበትን የመረጃ ቋት፣ መረጃው የወረደበትን ቀን፣ ሙሉውን የፍለጋ ሐረግ፣ ያስወገዳቸውን ጽሑፎች ብዛትና ምክንያት እንዲሁም የስም ማዋሐጃ ሰንጠረዡን በአባሪነት ቢያያይዝ ሌላ ባለሙያ ሥራውን ደግሞ ለማረጋገጥ ይችላል።