ሁለት ቴምብር

የሰርቨር ኪራያችንን የምንከፍለው በአክስቴ ልጅ ካርድ ነው። እሷ ያለችው ዋሽንግተን፣ ሰርቨሩ ያለው አውሮፓ፣ ኮዱን የምንጽፈው እኛ ደግሞ ቦሌ ነን። የክፍያው ፎርም «ሀገርዎን ይምረጡ» ሲል ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ስለዚህ እኔ በየወሩ ብሩን እዚህ ለአክስቴ እሰጣለሁ፣ ልጇ እዚያ ትከፍላለች።

ይህን ያስታወሰኝ አንድ ምሽት በቴምብር ሰብሳቢዎች የጨረታ ገጽ ላይ ያየሁት ፖስታ ነው። ከሐረር ወደ ፈረንሳይ የተላከ፣ ጠርዙ የተበላ አሮጌ ፖስታ። አንዱ ቴምብር ላይ አፄ ምኒልክ ዘውድ ደፍተው ይታያሉ። ከጎኑ ሌላ ቴምብር አለ፣ የጅቡቲ፣ ማለትም የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት። እንዴ? ለአንድ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ለምን ይከፈላል?

መጀመሪያ የመሰለኝ ስህተት ነበር። ወይም ላኪው ጠንቃቃ ሰው ይሆናል አልኩ። ለካ ደንቡ ነው። (ከዚህ በታች ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በ1894 ፓሪስ ተዘጋጁ፤ ምስሉን የቀረጸው ዩጂን ሙሾን ይባላል። ሰባት ናቸው፣ ከሩብ ግርሽ እስከ 16 ግርሽ። በአራቱ ርካሾች ላይ ንጉሠ ነገሥቱ፣ በሦስቱ ውዶች ላይ አንበሳው። በእውነት ያምራሉ። ግን ለውጭ ደብዳቤ የሚያገለግሉት እስከ ባሕሩ ዳርቻ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ የሚከፍለው የጅቡቲው ቴምብር ነው።

ምክንያቱ በ1874 በርን ላይ የተቋቋመው የፖስታ ኅብረት ነው። የኅብረቱን ደንብ ሳነብ፣ ሥራዬ ሆኖ፣ ኢንተርኔትን ነው ያየሁት። አባል ሀገሮች ለደብዳቤ ሲባል እንደ አንድ ግዛት ይቆጠራሉ። ያኔ የቴምብሩን ገንዘብ ላኪው ሀገር ያስቀር ነበር፤ ተቀባዩ ሀገር በነፃ ያደርስ ነበር፣ ደብዳቤ መልስ ስላለው ውሎ አድሮ ይካካሳል ተብሎ። መሃል ላይ የሚያሻግረው ግን በክብደት ይከፈለዋል፤ ይኼ ትራንዚት ይባላል፣ ዛሬም በኢንተርኔት ሥራ ቃሉ ያው ነው። ደግሞ እያንዳንዱን ከረጢት ሲመዝኑ አይኖሩም ነበር። በየጥቂት ዓመቱ ለሳምንታት ብቻ ይመዝኑና በዚያ ናሙና ይተሳሰቡ ነበር። ከኮምፒውተር በፊት እንዲህ ያሰቡትን ሰዎች ባገኛቸው ቡና እጋብዛቸው ነበር።

ችግሩ አባል ካልሆናችሁ ነው። ያኔ ቴምብራችሁ ከድንበር ውጭ ሥዕል ብቻ ነው። እስቲ ይህን አስቡት፦ ብሪታንያ የምትገዛት ህንድ በ1876 ኅብረቱ ውስጥ ገባች። የፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶችም በዚያው ዓመት ገቡ፤ ሁሉም በአንድነት እንደ አንድ ሀገር ተቆጥረው። ህንድም እነሱም በጉባኤው ላይ ድምፅ ነበራቸው፤ ድምፁን የሚሰጡት ገዥዎቻቸው ቢሆኑም። በ1896 ዓድዋ ላይ ያሸነፈችው ኢትዮጵያ ግን የገባችው በኖቬምበር 1908 ነው። ከዓድዋ በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ነፃው ሀገር ለደብዳቤው የቅኝ ግዛት ቴምብር ይለጥፋል።

የቅኝ ግዛት ፖስታ ሲባል እኔ የሚታየኝ ቦርሳ ያነገተ ፖስተኛ ነበር። ዋናው ነገር ግን ውል ነው። የፈረንሳይ መንግሥት ሜሳዥሪ ማሪቲም ከሚባለው የመርከብ ኩባንያ ጋር ይዋዋላል፤ በየዓመቱ ድጎማ ይከፍለዋል፤ ኩባንያው በተቆረጠው ቀን፣ ጭነት ሞላም አልሞላም፣ ይነሳል፤ በተጠቀሱት ወደቦች ይቆማል፤ የፖስታ ከረጢት ይጭናል፤ ከዘገየ ይቀጣል። የሸራ መርከብ ነፋስ ይጠብቃል። የእንፋሎት መርከብ ፈጣን መሆኑ ብቻ አይደለም ቁም ነገሩ፤ የጊዜ ሰሌዳ ይኖረዋል። ነጋዴው መርከቡ የሚነሳበትን ቀን ካወቀ መልሱ የሚመጣበትንም መርከብ ያውቃል፣ ብድሩንም ዋጋውንም በዚያ ያሰላል። በ1869 የስዊዝ ቦይ ሲከፈት ከማርሴይ ተነስቶ አፍሪካን ሳይዞር ወደ ምሥራቅ የሚሄደው መንገድ በቀጥታ በደጃችን አለፈ።

ግን ሰሌዳ ከሰል ይበላል። መርከቡ በመንገድ ላይ የድንጋይ ከሰል ካልሞላ ይቆማል፣ በቃ። ብሪታንያ በ1839 ዔደንን የያዘችበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር፤ ከሰሉም እዚያ አይገኝም፣ ከዌልስ ድረስ በመርከብ ይመጣል። የፈረንሳይ መርከቦችም ከዔደን ይገዙ ነበር። በ1884 ፈረንሳይ ከቻይና ጋር ስትዋጋ ብሪታንያ «እኔ ገለልተኛ ነኝ» ብላ ለጦር መርከቦቻቸው ከሰል ከለከለች። ፈረንሳይ ያኔ በ1862 በውል ይዛ የተወችው ኦቦክ ትዝ አላት። ከኦቦክ የባሕረ ሰላጤውን ውኃ ተሻግሮ ያለው ጅቡቲ የተሻለ ወደብና ወደ ሐረር የሚወስድ መንገድ ስለነበረው መናገሻው በ1896 ወደዚያ ዞረ። ስለዚህ ያ ሁለተኛው ቴምብር የተለጠፈው አንድ የጦር መርከብ ከሰል ስለተከለከለ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ፖስታው ሲገለበጥ ጀርባው በማኅተም የተሞላ ነው። እያንዳንዱ ፖስታ ቤት ደብዳቤው ሲደርሰው ቀን ይመታበታል፤ ስለዚህ ጀርባው ሎግ ፋይል ነው፣ የት ስንት ቀን እንደዋለ ማስላት ይቻላል። ከሐረር እስከ ባሕር ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አብዛኛው በረሃ፣ በግመል። በ1902 መገባደጃ ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ ያ ጉዞ አጠረ። ጅቡቲ ላይ ከረጢቱ ታሽጎ መርከብ ይገባል፣ እስከሚወርድበትም ድረስ ማንም አይከፍተውም። መርከቡ ላይ የራሱ የፖስታ ሠራተኛ ነበር፤ መርከቡ ላይ ለተሰጡት ደብዳቤዎች ስምንት ማዕዘን ያለው ማኅተም ይመታል። ሰብሳቢዎቹ ለዚህ ማኅተም ይራኮታሉ።

ማኅተም የሌላቸው ግን አሉ። ግመሉን የነዱት የሉም። በቀይ ባሕር ሙቀት፣ ከመርከቡ ሆድ ውስጥ ከሰል ወደ እሳት በአካፋ የሚጥሉት ብዙዎቹ የመናውያንና ሶማሌዎች ነበሩ፤ በሰሌዳው መሠረት የሚደርሰው በእነሱ ጉልበት ነው። የእነሱን ሥራ የሚያሳየው የቀኖቹ ልዩነት ብቻ ነው።

ከ1908 በኋላ የተላኩ ፖስታዎችንም ፈልጌ አየሁ። አንድ ዓይነት ቴምብር ብቻ፣ የኢትዮጵያ። ባቡሩ ያው የፈረንሳዮቹ ባቡር ነው፣ ወደቡ ጅቡቲ፣ መርከቡም ያው። የተለወጠው የሂሳቡ አሠራር ነው፤ ሐረር ያለው ላኪ የማያውቀው፣ በሀገርና በሀገር መካከል የሚዘጋ ሂሳብ ሆነ።

የሐረሩ ፖስታ ጨረታ ላይ እኔ አልገባሁም። ቢያምረኝስ በማን ካርድ? የአክስቴ ልጅ ካርድ ራሱ በሚቀጥለው ወር ጊዜው ያልፍበታል። አዲሱ እስኪደርሳት ሰርቨሩ እንዳይዘጋብን ትናንት ማታ ደወልኩላት፤ «በፖስታ ልከነዋል ብለውኛል» አለች።