ዕቃ ቤትና የሥዕል አዳራሽ

በምሥራቅ ጎጃም፣ በእነብሴ ሳር ምድር የምትገኘው መርጡለ ማርያም፣ አበው እንደሚተርኩት፣ አስቀድሞ መሥዋዕተ ኦሪት ሲሠዋባት የኖረች፣ ኋላም በአብርሃና አጽብሐ ዘመን ቤተ ክርስቲያን የታነጸባት ጥንታዊት ደብር ናት። ስለ ሥዕል አዳራሽ፣ ዛሬ ጋለሪ ስለምንለው ቤት ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ ፊቱን ወደ ፍሎሬንስና ወደ ፓሪስ ይመልሳል፤ እኔ ግን የአገራችን ሥዕል ዕድሜውን የፈጸመው በመቅደስ ግድግዳና በዕቃ ቤት ነውና ታሪኩም እንደ መርጡለ ማርያም ካለች ደብር ይጀምር ባይ ነኝ።

በአውሮጳ የመሳፍንት ገንዘብ የነበረው ሥዕል ለሕዝብ የተገለጠው እጅግ ዘግይቶ ነው። የሜዲቺ ወገኖች በኡፊዚ ያከማቹት በ18ኛው ምዕተ ዓመት፣ የፈረንሳይ ነገሥታት ስብስብ ደግሞ ንጉሡ ከዙፋኑ ከወረደ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1793 በሉቭር ተከፈተ። በእኛ አገር ባላገሩም መኳንንቱም ባንድ ደጀ ሰላም ገብተው አንዱን ሥዕል ለመሳለም ዐብዮት አላስፈለጋቸውም።

ክብ ሆኖ በተሠራው ቤተ ክርስቲያን፣ ከቅኔ ማኅሌቱ አልፎ ወደ ቅድስት የገባ ምእመን የመቅደሱን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኖ ያገኘዋል፤ በደጃፉ ግራና ቀኝ ሰይፋቸውን የመዘዙ ሊቃነ መላእክት፣ ወዲያ ፈረሰኞቹ ሰማዕታት፣ ወዲህ የእመቤታችን ተአምር፣ ከግርጌም ገንዘቡን አውጥቶ ሥዕሉን ያሠራው ባለጸጋ በግንባሩ ተደፍቶ ይታያል። ሠዓሊው ብዙ ጊዜ በግድግዳው ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ይሥላል፤ የከበረው ሥዕል መጋረጃ ይደረግለታልና ካህኑ ገልጦ ካላሳየ በቀር አይታይም። ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ መጽሐፉን ያነበበው በዚህ ግድግዳ ላይ ነው።

መርጡለ ማርያምን በ16ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ እጅግ አስጊጣ ያሠራቻት ንግሥት እሌኒ ናት። ስለ ቤተ ክርስቲያኒቱ ውበትና ወርቅ ፖርቱጋላውያን ጸሐፊዎች አድንቀው ጽፈዋል። ይህ ሁሉ ክብር በግራኝ ዘመን በእሳት ጠፋ፤ ሕንፃው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በኢየሱሳዊው በብሩኖ ብሩኒ እጅ እንደገና ተነሣ፤ እርሱም በተራው ፈረሰ። ይሁን እንጂ በደንጊያው ላይ የተቀረጸው አበባ፣ ቅጠልና ቅስት ዛሬም ከአዲሱ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ቆሟል፤ እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ፍርስራሹን አይቶ እ.ኤ.አ. በ1847 ስለ እርሱ ጽፎ አሳትሟል። ጣትን በቅርጹ ላይ ያሳለፈ ሰው የጠራቢው መሮ እንዴት ያለ ትዕግሥት እንደነበረው ይረዳል።

የገዳም ንዋየ ቅድሳት፣ ዘውዱ፣ ካባው፣ መስቀሉና ብራናው፣ በዕቃ ቤት ይቀመጣል፤ ኃላፊው ቄሰ ገበዙ ነው፤ በበዓል ቀን የሚያስፈልገው ወጥቶ ያገለግላል፣ ሲያበቃም ተመልሶ ይቆለፍበታል። ይህን ልማድ ከሁሉ አስበልጬ የማከብረው ሀብቱን በአገልግሎት ላይ እያለ የሚጠብቅ ስለ ሆነ ነው።

በአዲስ አበባ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ከመሠረቱ በኋላ ከመቅደስ ውጭ የሚሣለው ሥዕል እየበዛ ሄደ፤ ሠዓሊውም ስሙን በሥራው ላይ አስፍሮ ለተመልካችና ለገዢ ማቅረቡ እየተለመደ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ደግሞ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ባደራጀው ሙዚየም፣ በስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ትጋት፣ ብዙ የጥንት ሥዕለ አድኅኖ ሰበሰበ። ያን ጊዜ ባይሰበሰብ ስንቱ በባዕድ እጅ በገባ ነበርና ድካሙን አመሰግናለሁ፤ ሆኖም እነዚያ ሥዕሎች ከመጋረጃና ከዕጣን ተለይተው መቆማቸው ያሳዝነኛል። የመርጡለ ማርያም ደንጊያ ግን ተነሥቶ የሚሄድ አይደለምና፣ ሊያየው የሚወድ ሁሉ ወደ እነብሴ መውጣት ግድ ይሆንበታል።