ሕጉ አለ፤ በጀቱስ?

ሐምሌ 1927 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ቁስለኛንና ሐኪምን በጦርነት ጊዜ የሚጠብቀውን የጄኔቫ ስምምነት ተቀበለች። አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ተመታ።

የድሮ ታሪክ ነው እንዳትሉ፣ ወደ ላይ ጋይንት እንሂድ። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ነፋስ መውጫን ሲይዙ ሆስፒታሉ ተዘረፈ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እንደዘገበው፣ የተደፈሩ ሴቶች የሚያስፈልጋቸውን ሕክምና በከተማቸው አላገኙም።

ልብ በሉ፤ ሁለቱም ጊዜ ሕጉ ነበር። ሕግ እንደ ድልድይ ንድፍ ነው፤ ሲሚንቶና ብረት ካልተገዛለት ማንንም አያሻግርም። ሕጉ አጥፊውን ለመክሰስ ይጠቅማል፤ ነርሷን ከአደጋ የሚያወጣው መኪና፣ የተዘረፈውን መድኃኒት የሚተካው መጋዘንና ለተጎዳ ባለሙያ የሚከፈለው ካሳ ግን ገንዘብ ይፈልጋሉ። እናም የጤና ባለሙያን የሚጠብቅ ሕግ ተረቀቀ ሲባል ጠይቁ፦ በጀቱ የትኛው አንቀጽ ላይ ነው?