የከፋ ዘመቻ ቀንና የጆርናል ጽሑፍ ዝግጅት

ጽሑፋችን ከጆርናል ሲመለስ «የፎርማት ጉዳይ ነው» ብለን እናቃልለዋለን። ከሚዛን ተፈሪ ጎረቤት፣ ከከፋ አንድ ምሳሌ ልውሰድ። የከፋው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር የተማረኩት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1897 ነው። በእኛ አቆጣጠር 1889 ነው ወይስ 1890? የወሩ የመጀመሪያዎቹ 9 ቀናት በ1889 ዓ.ም. ይወድቃሉ፤ ከ10ኛው ቀን ጀምሮ ያሉት የ1890 ናቸው።

«አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር 11 አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ዛሬ አዎን። ሆኖም የጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1900 ፌብሩዋሪን 28 ቀን ብቻ ስላደረገ ልዩነቱ ከ12 ወደ 13 ቀን አደገ። እኔም በወጣትነቴ ይህን ሳላስተውል የዛሬውን ስሌት ወደ ኋላ ወስጄ፣ አንድ ገምጋሚ በአንዲት መስመር አሳፍሮኛል። ስህተቱ የራሴ ነበር።

የስም ነገርም አለ። የዋቢ ማደራጃው ሶፍትዌር ባሕሩ ዘውዴን «ዘውዴ» ብሎ ይደረድራል፤ መጽሐፉን የጻፉት ግን አባታቸው አይደሉም። በእጃችሁ አስተካክሉት።

ቀኑን ምንጩ እንደሰጠው ጻፉ፤ እናንተ ያሰላችሁትን በቅንፍ አኑሩ፤ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ግለጹ።