«ተስቦ» ስንል የትኛውን?

በአገራችን «ተስቦ» የሚለው ቃል ለሁለት የተለያዩ በሽታዎች ሲያገለግል ቆይቷል። አንደኛው በቅማል የሚተላለፈው ታይፈስ ሲሆን፣ ሁለተኛው በተበከለ ውሃና ምግብ የሚመጣው የአንጀት ተስቦ ወይም ታይፎይድ ነው። ይህ መደባለቅ የእኛ ብቻ አይደለም። ታይፎይድ የሚለው ስም ራሱ «ታይፈስ መሰል» ማለት ነውና፣ የአውሮፓ ሐኪሞችም ሁለቱን ሳይለዩ ብዙ ዘመን ኖረዋል።

ልዩነቱ የታወቀው አስከሬን በመመርመር ነው። በ1837 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዊልያም ገርሃርድ በፊላደልፊያ፣ ከ1849 ጀምሮም ዊልያም ጄነር በለንደን፣ ታይፎይድ አንጀትን እንደሚያቆስል፣ ታይፈስ ግን እንደማያቆስል አሳዩ። በ1880 ካርል ኤበርት ባክቴሪያውን በማይክሮስኮፕ አየ፤ በ1884 ጌኦርግ ጋፍኪ ለይቶ አራባው። በ1896 ደግሞ ፈርናንድ ቪዳል በፓሪስ ከታማሚው ደም በሽታውን የሚጠቁም ምርመራ አቀረበ።

መድኃኒቱም የተገኘው በዚሁ መመሳሰል ሳቢያ ነው። በ1948 ቴዎዶር ውድዋርድና ባልደረቦቹ በኳላ ላምፑር ክሎራምፌኒኮልን ከታይፈስ ጋር በሚዛመድ በሽታ ላይ ሲሞክሩ፣ ከታማሚዎቹ አንዳንዶቹ ታይፎይድ የያዛቸው ሆነው ተገኙ፤ መድኃኒቱም አሻላቸው። ይሁን እንጂ በ1972 በሜክሲኮ መድኃኒቱን የተቋቋመ ባክቴሪያ ታላቅ ወረርሽኝ አስነሣ። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በፓኪስታን አብዛኞቹን መድኃኒቶች የማይበግሩት ዓይነት ተስፋፋ።

ዛሬም ቤተ ሙከራ በሌለው ጤና ጣቢያ ወባ፣ ታይፈስና ታይፎይድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመሳሰላሉ። ባክቴሪያውን ከደም ማራባት የተሻለው ምርመራ ነው፤ ነገር ግን መሣሪያ፣ መብራትና ቀናት ይጠይቃል፤ ብዙ ታማሚም ያመልጠዋል። የቪዳል ምርመራ ርካሽ ቢሆንም፣ በሽታው በሚዘወተርበት አካባቢ ቀድሞ የታመመ ወይም ሌላ ትኩሳት የያዘው ሰው ደምም «አለበት» ሊያሰኝ ይችላል። በአንድ ጊዜ ውጤት ብቻ ተመሥርቶ መድኃኒት ሲሰጥ ጉዳቱ ሁለት ነው፤ እውነተኛው በሽታ ሳይታከም ይቀራል፤ ባክቴሪያዎችም መድኃኒቱን ይለምዳሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ለሕፃናትም የሚሆን አዲስ ክትባት እንዲሰጥ መክሯል። ሆኖም ንጹሕ ውሃ፣ መጸዳጃ ቤትና የታጠበ እጅ የሚተካቸው የለም። እኛ መምህራን ሐኪሞች አይደለንም። ነገር ግን ተማሪዎቻችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት እንዳይገዙ፣ የታዘዘላቸውንም ሳያቋርጡ እንዲጨርሱ ማስተማር እንችላለን። «ተስቦ ነው» ሲባልም «የትኛው? በምን ታወቀ?» ብለው መጠየቅን ከእኛ ይማሩ።