ከእንጦጦ እስከ ጎሮ፤ የአዲስ አበባ አለቶች ታሪክ

በጎሮ ሜዳ ለሕንፃ መሠረት ሲቆፈር ቆፋሪው በመጀመሪያ የሚያገኘው ድንጋይ ሳይሆን ጥቁር መረሬ ነው። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ከመረሬው ሥር በዶማ የሚፈረፈር የበሰበሰ አለት ይከተላል፤ ከዚያም ዲጂኖው ይነጥራል። ብዙ ግንበኛ እዚህ ላይ «አለት ተገኘ» ብሎ ቁፋሮውን ያቆማል። ነገር ግን የተገኘው አለት የመጨረሻው ላይሆን ይችላል። ይህን ለመረዳት የአለቱን የትውልድ ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል።

የአዲስ አበባ ግንበኛ በተለምዶ ጥቁር ድንጋይ የሚለው ባዛልት በ18ኛው ምዕተ ዓመት የአውሮፓን ሊቃውንት በሁለት ጎራ ከፍሎ ያከራከረ አለት ነበር። በጀርመን አገር በፍራይበርግ የማዕድን ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው አብርሃም ቨርነር፣ ባዛልት ከጥንታዊ ውቅያኖስ ውሃ እየዘቀጠ የተገኘ ነው ይል ነበር። በአንጻሩ ፈረንሳዊው ኒኮላ ደማሬ በኦቨርኝ አውራጃ የባዛልቱን ዱካ ተከትሎ ከጠፉ እሳተ ገሞራዎች አፍ ደረሰ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ኸተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1785 በኤዲንብራ ባቀረበው ጥናት ነገሩን አሰፋው። ተራራ ይሸረሸራል፤ ደለሉ በባሕር ወለል ይነጠፋል፤ በከርሰ ምድር ሙቀት ይጠነክራል፤ ተመልሶም ወደ ላይ ይነሣል። ከቅልጥ የበረደው፣ ከደለል የረጋውና በሙቀትና በግፊት የተለወጠው አለት በአንድ ዑደት የተያያዙ መሆናቸው ከዚያ ወዲህ እየተብራራ መጣ።

ይህ ዕውቀት ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከጦር ጋር ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሠራዊት በጄኔራል ናፒየር መሪነት ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ በሕንድ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረው ዊልያም ብላንፎርድ አብሮ ተጓዘ። ሠራዊቱ መቅደላን አቃጥሎ፣ መጻሕፍቷንና ንዋያተ ቅድሳቷን ዘርፎ ተመለሰ። ባለ መዶሻው ሰው ግን ስሞችን ትቶ ሄደ። የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ፣ የአንታሎ ኖራ ድንጋይ፣ ከእነርሱም በላይ የተነባበሩትን ገሞራዊ አለቶች አሸንጌና መቅደላ ብሎ የሰየመው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ የገሞራውን ንብብር በጠቅላላው «ትራፕ» አለው፤ ቃሉ ከስዊድንኛ የመጣ ሲሆን ደረጃ ማለት ነው። የወሎንና የላስታን አምባዎች በእግሩ የወጣ ሰው ስሙ እንዴት እንደ ተስማማ ሳይነገረው ያውቀዋል።

ከእነዚህ ደረጃዎች ሥር ያለውን ለማየት ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደውን መንገድ ይዞ ወደ ዓባይ ሸለቆ መውረድ ይበቃል። ከላይ ባዛልት፣ ከሥሩ አሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያም ባሕር ምድሩን በሸፈነበት ዘመን የተነጠፉት የኖራ ድንጋይና ጅብሰም በተራ ይታያሉ። ከሁሉም በታች፣ በወለጋና በትግራይ ብቅ የሚለው፣ እብነ በረድን የያዘው እጅግ ጥንታዊ ልውጥ አለት አለ። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ምድር ተሰንጥቃ የፈሰሰው ቅልጥ አለት ይህን ሁሉ ሸፈነው፤ ውፍረቱም በአንዳንድ ቦታ እስከ 2,000 ሜትር ይደርሳል። የዚህ ጎርፍ ትልቁ ክፍል በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ መውጣቱ በዕድሜ ልኬት ተረጋግጧል።

አዲስ አበባ ግን ከዚያ በኋላ የመጣ የራሷ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1979 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በከተማይቱ ዙሪያ ያሉት ገሞራዊ አለቶች ወደ ስምጥ ሸለቆው በተጠጉ ቁጥር ዕድሜያቸው እያነሰ እንደሚሄድ አስረዳ። መለኪያው የፖታሲየምና የአርጎን ዘዴ ነበር። አለቱ ቅልጥ ሳለ አርጎኑ ያመልጣል፤ ሲበርድ ከፖታሲየም የሚወለደው አርጎን በውስጡ መከማቸት ይጀምራል፤ ስለዚህ የተከማቸው መጠን አለቱ ከበረደ ወዲህ ያለፈውን ዘመን ይናገራል። የእንጦጦ ትራካይትና ራዮላይት ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ወጨጫ፣ ፉሪና የረር የጥቂት ሚሊዮን ዓመት ተራሮች ናቸው። የቢሾፍቱ ሐይቆች የተኙባቸው ጉድጓዶች ደግሞ ከእነርሱም እጅግ ያነሱ ናቸው። እንግዲህ ከእንጦጦ ተነሥቶ በመገናኛ በኩል ወደ ጎሮ የሚወርድ መንገደኛ፣ ሳያውቀው ከጥንት ወደ ቅርብ ዘመን ይጓዛል። በጣርማ በር እንደ ግድግዳ የቆመው የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ በዚህ በኩል በዝግታ ስለሚወርድ፣ የሚራመደው በስምጡ ትከሻ ላይ መሆኑንም አይጠረጥርም።

ከቦሌ አንሥቶ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ያለው ምድር በአንድ ጊዜ ፍሳሽ የተሠራ አይደለም። ባዛልት ከፈሰሰ በኋላ ሌላ ፍንዳታ የጋለ አመድና ቀላል ድንጋይ በደመና መልክ ያመጣል፤ አመዱ ባረፈበት በራሱ ትኩሳት ተጣብቆ ባለሙያዎች ኢግኒምብራይት የሚሉት አለት ይሆናል። በሁለቱ መካከል ሺህ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። በዚያ ጊዜ ዝናብ አለቱን ያበሰብሳል፤ አፈር ይፈጠራል፤ ጅረት ጠጠር ያነጥፋል። ቀጥሎ የሚመጣው ፍሳሽ ይህን ሁሉ ይቀብረዋል፤ የላዩንም አፈር እንደ ሸክላ ጠብሶ ያቀላዋል። መሐንዲሱ በናሙና ቁፋሮ ጠንካራ፣ ለስላሳ፣ እንደገና ጠንካራ የሚያገኘው ስለዚህ ነው። ባዛልት ሲበሰብስ ከስንጥቁ ጀምሮ እንደ ሽንኩርት ስለሚላጥ፣ በመካከሉ ክብ ቋጥኝ ይቀራል፤ ዲጂኖው የነጠረው በዚህ ቋጥኝ ላይ ሊሆን ይችላል። የሕንፃው አንዱ ማዕዘን በቋጥኝ፣ ሌላው በበሰበሰ አመድ ላይ ሲያርፍ መስመጡ እኩል አይሆንም፤ ግድግዳውም በሰያፍ ይሰነጠቃል። የአለቱን ውፍረትና ከሥሩ ያለውን የሚያሳየው እስከ በቂ ጥልቀት የሚደርስ ቁፋሮ ብቻ ነው። ለዚህ የሚወጣውን ገንዘብ እንደ ብክነት የሚቆጥር ባለ ንብረት ዛሬም አልጠፋም።

መረሬውም ቢሆን የዚያው አለት ልጅ ነው። በእንጦጦ ግርጌ ተዳፋት ላይ ውሃ እያጠበ ስለሚሄድ የሚቀረው አፈር ብረት የበዛበት ቀይ ነው። በሜዳው ግን ክረምት የተኛው ውሃ ከአለቱ የሟሙትን ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ስለሚቆይ፣ ውሃ በንብርቦቹ መካከል የሚያስገባ ስሜክታይት የተባለ ሸክላ ይፈጠራል። በዚህ አፈር ይበልጥ የሚጎዳው ትልቁ ሕንፃ ሳይሆን አጥሩና ባለ አንድ ፎቁ ቤት ነው፤ የሚነሣውን አፈር ተጭኖ ለማስቀረት ክብደት የለውምና። መረሬውን አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት የተለመደው መፍትሔ ነው፤ ሆኖም የጣሪያው ውሃ ከግድግዳው ሥር የሚፈስ ከሆነ ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

ክረምት ሲገባ የምሥራቅ አዲስ አበባ ወንዞች ከዚህ አፈር እየቆረሱ ወደ ትልቁ አቃቂ ይወስዳሉ። ከፊሉ የአባ ሳሙኤልን ግድብ ሐይቅ የሞላው ደለል ሆኖ ይቀራል። የተረፈው በአዋሽ ይጓዛል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በመንገዱ ያለው የፈንታሌ አካባቢ በ2017 ዓ.ም. በተደጋገመ የመሬት መንቀጥቀጥ ተናውጦ፣ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ ስምጡም በዓመት በጥቂት ሚሊሜትር መስፋቱን አላቋረጠም።