የመነኮሳቱ ተዳፋት እና የአማካሪው ምክር

በምዕራብ ፈረንሳይ፣ አንዤ ከተማ አቅራቢያ፣ ሉዋር ወንዝን ቁልቁል የሚያይ ገደላማ የወይን ማሳ አለ። ኩሌ ደ ሴራን ይባላል። ስፋቱ 7 ሄክታር ገደማ ቢሆን ነው። ሆኖም እኛ ይርጋጨፌ ስንል ቡናውን እንደምናውቀው፣ ይህ ማሳም ለብቻው በሕግ የተጠበቀ የወይን ጠጅ ስም አለው። ታሪኩን ለዚህ መጽሔት የመረጥኩት እኛን የእርሻ ምሩቃንን በቀጥታ ስለሚነካን ነው።

ወይኑን እ.ኤ.አ. በ1130 የተከሉት የሲስተርሲያን መነኮሳት ናቸው። በ1214 የእንግሊዙ ንጉሥ ጆን እዚያው ያለውን የላ ሮሽ ኦ ሙዋን ምሽግ ከቦ ሳለ፣ የፈረንሳዩ ልዑል ሉዊ ሲመጣበት ጥሎ ሸሸ። ጦርነቱም፣ በኋላ አብዮቱም አለፈ፤ ወይኑ ግን ከቦታው አልተነቀነቀም።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቦታውን የዦሊ ቤተሰብ ገዛው። ልጃቸው ኒኮላ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቢዝነስ አጥንቶ ባንክ ይሠራ ነበር። በ1977 ባንኩን ትቶ ወደ ቤተሰቡ እርሻ ገባ። ታዲያ ብዙም ሳይቆይ አንድ የእርሻ አማካሪ መጣ። እናቱ ማሳውን በደንብ ይዘውታል፣ ግን አሠራሩ ያረጀ ነው፣ ፀረ አረም ቢረጭ ብዙ ገንዘብ ይቆጥባል አለው። ኒኮላም ምክሩን ተቀበለ። በሁለት ዓመት ውስጥ የአፈሩ መልክ ተለወጠ፣ ነፍሳቱም ጠፉ፤ ይህን ራሱ ደጋግሞ ተናግሮታል።

ያኔ ነው ሩዶልፍ ሽታይነር በ1924 ባስተማረው የባዮዳይናሚክ እርሻ ዘዴ ላይ የተጻፈ መጽሐፍ እጁ የገባው። በ1980 በከፊል ሞከረው፣ በ1984 ማሳው በሙሉ በዚሁ ዘዴ ይለማ ጀመር። ፀረ አረምና የፋብሪካ ማዳበሪያ ቀረ፤ ኮምፖስት ገባ፤ ገደላማው ክፍል በፈረስ ይታረሳል። የላም ፍግ ቀንድ ውስጥ ሞልቶ መቅበር፣ የጨረቃን ዑደት መከተል የሚባለውንስ? እሱን ብዙ ሳይንቲስቶች አይቀበሉትም፣ እኔም አልሟገትለትም። ቀሪውን ግን እኮ እናውቀዋለን! ተዳፋት ላይ ሣሩ ከጠፋ፣ ክረምት ሲገባ አፈሩ ወንዝ ይወርዳል። የኮንሶ ገበሬ እርከኑን የሠራው ይህን ከማንም ምሩቅ ሳይማር ነው።

አማካሪው ሂሳብ አልተሳሳተም። ፀረ አረም ከሰው ጉልበት ይረክስ ነበር። ያልቆጠረው አፈሩን ነው፤ ምክንያቱም አፈር ደረሰኝ አይሰጥም። ስምንት መቶ ዓመት በላይ የቆየውን አሠራር "ያረጀ" ከማለቱ በፊት፣ ለምን እስከዚያ ድረስ እንደቆየ አልጠየቀም።

ዛሬ ማሳውን የምትመራው የኒኮላ ልጅ ቪርዢኒ ናት። ከእኛ መካከልም ብዙዎች አሁንም በየወረዳው፣ በየፕሮጀክቱ ገበሬ እንመክራለን። እንግዲህ ቀጥሎ አንድ ማሳ ስንደርስ፣ የረጪውን መሣሪያ ከማሳየታችን በፊት የገበሬውን እናት እንጠይቅ፦ "እማማ፣ እርስዎ ይህን መሬት እንዴት ነበር የያዙት?"